የቤት ቃላት በውጫሌ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን ካለፈ በኋላ ውጫሌን ያገኛል። እኔ ወደዚያ ስሄድ ለተማሪዎቼ ወደ አማርኛ ለመመለስ ከአንድ የውጭ አገር ኢንሳይክሎፒዲያ የገለበጥኳቸውን የሕንጻ ቃላት ይዤ ነበር። «ኮለን» ለሚለው «ምሰሶ» ብዬ ጽፌአለሁ። አንድ ሽማግሌ አናጢ ቤታቸውን እያሳዩ አረሙኝ።

«የለም ልጄ! ምሰሶ መካከል ቆሞ ጣራ የሚሸከመው ነው። በግድግዳው ዙሪያ የተተከለው ቋሚ ነው፤ እሱን አግድም የሚያያይዘው ማገር። ከድንጋይ ተጠርቦ ከቆመ ዓምድ ይባላል።»

ውጫሌ የቃልን ዋጋ ታውቃለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚህ ሥፍራ የተፈረመው ውል፣ በ17ኛው አንቀጽ በአማርኛ ፈቃድ የነበረው በኢጣልያንኛ ግዴታ ሆኖ ቢገኝ፣ ጠቡ በ1888 ዓ.ም. እስከ ዓድዋ አድርሷል።

እኔም «ምሰሶ» ያልኩትን ሰርዤ በአንዱ ባዕድ ቃል ፊት ሦስት የአማርኛ ቃላት ጻፍኩ።