«ስብከት ከሆነ ቤተ ክርስቲያን አለልኝ»

ሥራዬ ሰዎችን ማማከር ነው። ዘመኑ ያመጣው ስሙ «ላይፍ ኮች» ነው። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ስኬቴ አይደለም። አንድ አባት ፊት ቁጭ ብዬ ስለሠራሁት ስህተት ነው።

2017 ዓ.ም. ከተጋመሰ በኋላ ነው። አንዲት ልጅ ደወለችልኝና «አባቴን ላምጣልሽ። ከካዛንቺስ ከተነሣን ወዲህ ዝም ብሏል። ምግቡም እንደ ነገሩ ነው» አለችኝ። ይዛቸው መጣች። ስድሳዎቹን ያለፉ፣ ኮታቸውን በሥርዓት የለበሱ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ ሰው ናቸው። «እንዴት ነዎት አባቴ?» አልኳቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ» አሉኝ።

እኔም ደህና ናቸው ብዬ ጀመርኩ። አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ አወራሁ። ለውጥ ዕድል እንደሆነ፣ ትናንትን መዝጋት እንደሚገባ፣ በማንኛውም ዕድሜ አዲስ ግብ ማስቀመጥ እንደሚቻል ነገርኳቸው። ወረቀት ላይ ክብ ስዬ ስምንት ቦታ ከፋፈልኩና «የሕይወት ሚዛንዎ» አልኳቸው። እሳቸውም «እ... እሺ... እውነት ነው» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲወጡ ቆመው «አንደበትሽን ይባርክልሽ» ብለው መረቁኝ። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የገባሁት።

በሳምንቱ አልመጡም። ልጅቷ ጋ ደወልኩ። ትንሽ አቅማማችና እውነቱን ነገረችኝ። «አባዬ ምን አለ መሰለሽ? 'ጥሩ ልጅ ናት። ግን ስብከት ከሆነ ቤተ ክርስቲያን አለልኝ።'»

መጀመሪያ ተቀየምኩ። ሁለት ቀን ያህል «ሰው ካልፈለገ ምን ይደረጋል» እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ከዚያ የዚያን ቀን ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ሁለት ገጽ ነው። የእኔ ሐሳብ፣ የእኔ ምክር፣ የእኔ ክብ ሞልቶታል። የእሳቸው ቃል ግን ተሰብስቦ ሦስት መስመር አይሞላም። ቤታቸውን እንዴት እንደለቀቁ አላውቅም። ስንት ዓመት እንደኖሩበት አልጠየቅኩም። የተከፈለኝ ለማዳመጥ ነበር። እኔ ግን ሳወራ ነው የዋልኩት።

አሁን ወደ ካዛንቺስ ልመለስ፤ ነገሩ ያለ ሰፈሩ አይገባም።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም ነው። «ካዛ» ቤት ነው፤ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። በኋላ በ1953 ዓ.ም. አፍሪካ አዳራሽ አጠገቡ ተከፈተ። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ደግሞ ብዙው ቤት የቀበሌ ሆነ። በአንድ በኩል ዲፕሎማት፣ በሌላ በኩል አንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ፤ ካዛንቺስ ሁለቱንም ይዞ ኖረ። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአራት ኪሎ አካባቢ ጀመረ። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ደረሰ። ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛወረ።

ስለ ልማቱ ጥሩነትና መጥፎነት በቂ ተጽፏል፤ የእኔ ጉዳይ ሌላ ነው። ከካዛንቺስ ተነሥተው እኔ ጋ የመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገር ይናገራሉ። «ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ ሽንት ቤት አገኘሁ» ይላሉ። ትንፋሽ ሳይወስዱ ደግሞ «ግን ከማን ጋር ቡና ልጠጣ?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ የነበረው ችግር ብቻ አልነበረም። ጠዋት ፊትሽ ከተለወጠ «ምን ሆነሽ ነው ያደርሽው?» የሚል ጎረቤት ነበር። እድር ነበር። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ የልብን ማውጣት ነበር።

እንግዲህ እኛ «ኮች» የተባልን ሰዎች የምንሸጠው ምንድን ነው? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ጎረቤት በነፃ ይሰጥ የነበረውን ጆሮ ነው። ሰው ከጆሮው ተለያይቷልና እኛ ጋ ይመጣል። በገንዘብ ከሸጥነው ዘንድ ቢያንስ ከእናቶቻችን የረከቦት ወሬ የተሻለ ማዳመጥ አለብን። እኔ ግን ለእኚያ አባት የሰጠኋቸው መድረክ ላይ የሚነገር የማነቃቂያ ንግግር ነው። ማነቃቂያ ለአዳራሽ ይሆናል። ፊት ለፊት ለተቀመጠ አንድ ሰው ግን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ አሠራሬን ከሥሩ ለወጥኩ። ያስተማሩኝ ስህተቶቼ ናቸውና ለባልደረቦቼም፣ ሰው ለማጽናናት ለምትቀመጡ ሁሉም እነሆ።

አንደኛ፣ የመጀመሪያው «ደህና ነኝ» መልስ አይደለም። ሰላምታ ነው። እኛ አገር ሐዘን ቤት የተቀመጠም «ተመስገን» ይላል። ስለዚህ አሁን ሁለተኛ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ግን ያንኑ ጥያቄ አልደግምም። «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» «ትናንት ማታ ምን በሉ?» «ጠዋት ሲነሡ መጀመሪያ የሚያገኙት ማንን ነው?» እላለሁ። ተጨባጭ ነገር ሲጠየቅ ሰው ተጨባጩን ይመልሳል።

ሁለተኛ፣ «ለምን» የሚለው ቃል በአማርኛ ክስ ነው። «ለምን ሥራ ለቀቅክ?» ብለህ ስትጠይቀው ሰውየው የሚሰማው የአባቱን ድምፅ ነው። ራሱን መከላከል ይጀምራል። «ሥራውን የለቀቅክ ቀን እንዴት ነበር?» ስትለው ግን ይተርክልሃል። ምክንያቱም ከትረካው ውስጥ ራሱ ይወጣል።

ሦስተኛ፣ «አይዞህ» ከመድኃኒትነቱ ባልተናነሰ ክዳን ነው። ሰው ገና አፉን ሲከፍት «አይዞህ፣ ያልፋል» ካልነው «በቃ ዝጋው» እንዳልነው ነው። «ከአንተ የባሰ አለ» ደግሞ ከዚያም የከፋ ነው፤ በደረሰበት ሐዘን ላይ ኀፍረት እንጨምርለታለን። አይዞህ ይባል፤ ግን ሰምተን ስንጨርስ።

አራተኛ፣ የሰማነውን መልሰን ማሳየት። እንደ በቀቀን መድገም ማለቴ አይደለም። «ቤቱ ሳይሆን የከበደዎት ሰው ማጣቱ ነው፤ ልክ ተረድቻለሁ?» ማለት ነው። ከተሳሳትኩ ያርሙኛል። እርማቱ ራሱ ከእኔ ምክር የበለጠ ዋጋ አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር ከመጠጥ ጋር ለሚታገሉ ሰዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ በኋላም ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር በመጽሐፍ ያደራጀው ዘዴ መሠረቱ ይኸው ነው። አማካሪው በተከራከረ ቁጥር ሰውየው ባለበት ይጸናል። የመለወጥ ምክንያቱን በራሱ አፍ ሲናገር ግን ወደ መለወጥ ያዘነብላል።

አምስተኛ፣ ዝምታን መታገስ። ይህ ለእኔ ከሁሉም ይከብደኛል። ሰው ዝም ሲል ክፍተቱን ለመሙላት አፌን ይበላኛል። አሁን ጠረጴዛው ሥር ጣቶቼን እየቆጠርኩ አሥር ላይ እስክደርስ እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ ዋናው ነገር የሚመጣው ሰባትና ስምንት ላይ ነው።

ስድስተኛ፣ አጠራር። በእንግሊዝኛ የተጻፉት የሥልጠና መጻሕፍት ይህን አይነግሩንም፤ ቋንቋቸው አይጠይቃቸውም። የእኛ አማርኛ ግን ገና የመጀመሪያውን ግሥ ስንናገር «አንተ» ወይስ «እርስዎ» ብሎ ያስመርጠናል። አንዱን ወጣት «እርስዎ» ብዬው ባንክ ቤት የገባ ያህል ደረቀብኝ። ሌላዋን በዕድሜ እኩያዬ መስላኝ «አንቺ» ብያት ፊቷ ተቀየረ። አሁን በግልጽ እጠይቃለሁ። «እንዴት ብጠራዎት ይመርጣሉ?» ጥያቄው ራሱ አክብሮት ነው።

ሰባተኛ፣ «አንድ ጓደኛ አለኝ» የሚል ወሬ ሲመጣ አትግለጡት። ሰምና ወርቅ ባደገበት አገር ሰው የራሱን ቁስል በሌላ ሰው ስም ያወጣል። «ጓደኛህ አንተ ነህ አይደል?» ያልነው ቀን ጨዋታው ያበቃል። «ታዲያ ጓደኛህ ምን ቢደረግለት ይሻለው ነበር?» ብሎ መቀጠል ይሻላል። ወርቁን ሲፈልግ ራሱ ያወጣዋል።

አንድ ፈተና ደግሞ አለ። ደንበኞቼ አንዳንዴ «አንቺ ግን ኮሪደሩን ትደግፊያለሽ ወይስ ትቃወሚያለሽ?» ብለው ይጠይቁኛል። ድሮ አስተያየቴን አብራራ ነበር። አሁን ጥያቄው ስለ እኔ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሰውየው የሚጠይቀኝ «አንቺ ፊት የልቤን ብናገር ያስጠይቀኛል?» ነው። ስለዚህ ለዚያ እመልሳለሁ። «እዚህ የሚሉት ከዚህ ክፍል አይወጣም። ቢደሰቱበትም ቢያዝኑበትም እሰማለሁ» እላለሁ። ይህን ብዬ ደግሞ ካፌ ውስጥ አላማክርም። ቂርቆስ ውስጥ ከጀርባህ ያለው ወንበር ላይ የአክስትህ ጎረቤት ላለመቀመጧ ዋስትና የለም።

ወሰናችንንም እንወቅ። ላይፍ ኮች ሐኪም አይደለም። ሰው ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ከምግብ ከተለየ፣ «ብሞት ይሻላል» ካለ፣ የግብ ወረቀት ማስሞላት ነውር ነው። በቀጥታ «ራስዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ እፎይታ ነው የሚሰጠው። ከዚያ ብቻቸውን ሳንተው ወደ አማኑኤልም ሆነ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሌላ ሆስፒታል ማድረስ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። እኛም ደባቂ ሆነን መገኘት የለብንም።

ይህ ሁሉ ረጅም ትምህርት የሚጠይቅ ይመስላችኋል? ዚምባብዌን ተመልከቱ። ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ2006 እ.ኤ.አ. ሐራሬ ውስጥ ምባሬ በተባለ ሰፈር አሥራ አራት አያቶችን አሠልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ያዳምጣሉ፤ ሰውየው ከችግሮቹ አንዱን እንዲመርጥ ይረዱታል፤ መፍትሔውን ራሱ እንዲያመጣ ይጠብቁታል። የመጀመሪያውን ደረጃ በሾና ቋንቋ «አእምሮን መክፈት» ይሉታል። ተጠንቶ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. በታወቀ የሕክምና መጽሔት ሲታተም፣ በአያቶቹ የታገዙት ሰዎች የተለመደውን አገልግሎት ካገኙት ይልቅ የጭንቀትና የድባቴ ምልክታቸው በግልጽ ቀንሶ ተገኘ። የካዛንቺስ እናቶች ይህን ወንበር ያውቁታል። የእነሱ በርጩማ ነበር።

እኚያን አባት ላንሣና ልጨርስ።

በልጃቸው በኩል ይቅርታ ጠየቅኩና «እርስዎ በሚመችዎት ቦታ ልምጣ» አልኩ። ወር በገባ በ22 ዑራኤልን ለመሳለም እንደሚመጡ ነገረችኝ። ሁለት ታክሲ ቀይረው ነው የሚመጡት። ከቅዳሴ በኋላ አገኘኋቸው። ወደ ካዛንቺስ አቅጣጫ ቀስ ብለን ሄድን። ወረቀት አልያዝኩም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኳቸው፤ «ቤትዎ የቱ ጋ ነበር?»

ቆሙ። በከዘራቸው አሳዩኝ። እዚያ ጋ በሩ፣ እዚህ ጋ ቧንቧው፣ እዚያ ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ድንኳኑ የተተከለበት። አንድ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተናገሩ። በመሐል ረጅም ዝምታ ነበር፤ ጣቶቼን ቆጠርኩ። በመጨረሻ «ከዚህ ሁሉ ቢመለስልዎት የሚፈልጉት የቱን ነው?» አልኳቸው።

«ቤቱንማ አይደለም» አሉ። «ቤቱ ያፈስ ነበር። ጠዋት 'እንዴት አደርክ' የሚለኝን ሰው ነው።»

ምክር አልሰጠሁም። እሳቸው ግን ትንሽ ቆይተው «አዲሱ ሕንፃ ላይ ከእኔ በታች አንድ ሽማግሌ አሉ። እሳቸውም ከሜክሲኮ በኩል የተነሡ ናቸው መሰለኝ። ሰላም ብያቸው አላውቅም» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ዳኑ ብዬ አልጽፍላችሁም፤ እስካሁን ከባድ ቀን አላቸው። ምግባቸው ግን ተስተካክሏል ብላኛለች ልጃቸው። ከታች ያሉት ሽማግሌም አንዳንድ ቀን ቡና ላይ ይመጣሉ።

ታክሲ ስሳፍራቸው «አንቺስ ልጄ፣ እንዴት ነሽ?» አሉኝ። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልኳቸው። በሩን ይዘው ቆሙ። አልገቡም። ረዳቱ «ፋዘር፣ ይግቡ እንጂ» እያለ እንኳ ዓይኔን እያዩ ጠበቁኝ።

ማዳመጥን የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ማታ አንድ ሰው «ደህና ነኝ» ሲላችሁ፣ እባካችሁ ትንሽ ቆዩለት።