የትኛው ቦሌ?

ከባሕር ዳርም ይምጣ ከዋሽንግተን፣ አዲስ አበባ የሚገባ እንግዳ ከዘመድ የሚሰማው የመጀመሪያ ምክር «ቦሌ እረፍ» የሚል ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው እዚያው ነው፤ ሆቴሉ ተደርድሯል፤ ማታ ወጣ ብሎ ለመብላትም ሰፈሩ ይመቻል። ችግሩ የስሙ ስፋት ነው። ከኦሎምፒያ አለፍ ብሎ ያለው ሆቴል ቦሌ ነው፤ ቦሌ ሚካኤልም ቦሌ ነው፤ ቡልቡላም ቦሌ ነው። ከከተማዋ ምሥራቅ ጫፍ የተገነባው የአራብሳ ኮንዶሚኒየም ሳይቀር፣ አካባቢው በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሥር ከገባ በኋላም ሰው አፍ ላይ «ቦሌ አራብሳ» እንደሆነ ቀርቷል። እንግዳው በስልኩ «ቦሌ» የሚል አድራሻ አይቶ ክፍል ሲይዝ፣ ከማረፊያው በእግር የሚደረስበት ቤት ይያዝ ወይስ የጠዋት ትራፊክ አንድ ሰዓት የሚያስቀምጥበት፣ አድራሻው አይነግረውም።

ካርታም ያታልላል። ካርታ ላይ ገርጂና ቦሌ መድኃኔዓለም ጎረቤት ናቸው። በመካከላቸው ግን ቀለበት መንገድ አለ። ከመገናኛ ወደ ቦሌ፣ ከቦሌ ወደ ቃሊቲ የሚዞረው ይህ መንገድ የተሠራው መኪና ሳይቆም እንዲያልፍ ታስቦ ስለሆነ፣ መሀሉ የተዘጋ ነው፤ እንደልብ መሻገሪያ የለውም። ከማዶ በዓይን የሚታይ ካፌ ለመድረስ ታክሲው እስከሚቀጥለው አደባባይ ወይም ድልድይ ሄዶ መዞር ግድ ይሆንበታል። እግረኛም የመሻገሪያውን ድልድይ ደረጃ ወጥቶ መውረድ አለበት፤ ከባድ ሻንጣ ይዞ ይህን መሞከር ደግሞ አይመከርም። ስለዚህ ማደሪያ ሲመረጥ ኪሎ ሜትር ከመቁጠር በፊት የሚጣራው ነገር የእንግዳው ጉዳይ ከቀለበቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ነው።

ቦሌን የእንግዳ ሰፈር ያደረገው አውሮፕላን ነው። የቀድሞው የልደታ አውሮፕላን ሜዳ ጄት ለመቀበል ስላልበቃ አዲሱ ማረፊያ በ1950ዎቹ፣ ያኔ የገበሬ ማሳ በነበረው ቦሌ ላይ ተሠራ። ከመስቀል አደባባይ ወደዚያ በሚወስደው ጎዳና ግራና ቀኝ የባለሥልጣናትና የዲፕሎማቶች ቪላዎች ተከተሉት። የሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ከእነዚህ ቤቶች ብዙዎቹን ከባለቤቶቻቸው ወስዶ መንግሥት የሚያከራያቸው አደረጋቸው። ዛሬም ከመስታወት ፎቆቹ ጀርባ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ሰው እነዚያን ቪላዎች ያገኛቸዋል፤ ግቢያቸው ሰፊ፣ አጥራቸው ላይ ቡገንቪላ የተንጠለጠለ። አንዳንዱ ኤምባሲ ሆኗል፣ አንዳንዱ ምግብ ቤት፣ አንዳንዱም ጌስት ሃውስ። ለሳምንትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ሰው ከትልቁ ሆቴል ይልቅ እንዲህ ያለው ቤት ይሻላል፤ ጠዋት ቡናውን በረንዳ ላይ ይጠጣል፣ ዘበኛውም በሁለተኛው ቀን በስሙ ይጠራዋል።

ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያርፍ መንገደኛ ጉዳይ ሌላ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በጥር 1995 ዓ.ም. አዲስ ተርሚናል ተሠርቶለት፣ በጥር 2011 ዓ.ም. ደግሞ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሰፍቷል። በዚያው ሰሞን የአየር መንገዱ ስካይላይት ሆቴል በ373 ክፍሎች ሥራ ጀመረ፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲጨመር ክፍሎቹ 1,024 ደርሰዋል። ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚሄዱት በረራዎች አብዛኞቹ ማታ ስለሚነሱ ከቀትር በኋላ ክፍል ለቅቆ እስከ ምሽት የሚውልበት ቦታ የሚፈልግ ብዙ ነው። ለዚህ የማረፊያው ዙሪያ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈርና ወሎ ሰፈር ይበቃሉ። አንድ ነገር ግን መታወስ አለበት። ሚሊኒየም አዳራሽ ከማረፊያው አፍንጫ ሥር ነው። ለ2000 ዓ.ም. በዓል የተሠራው ይህ አዳራሽ በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ሕሙማን ማቆያ ሆኖ ነበር፤ አሁን ኮንሰርቱም የበዓል ባዛሩም እዚያ ነው። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ መንገዱ ይጨናነቃል፣ በረራ ያለበት ሰውም ሰዓቱን አስቀድሞ መነሳት ይኖርበታል።

እንግዳ ቦሌ ሲባል በሐሳቡ የሚስለው ግን ከመድኃኔዓለም እስከ አትላስ ያለውን ነው። የመድኃኔዓለም ካቴድራል በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት አንዱ ነው፤ ፊት ለፊቱ ኤድና ሞል ከሲኒማው ጋር አለ። በየቅያሱ ማኪያቶ፣ ጁስ ቤት፣ የባህል ምግብና ጭፈራ የሚያቀርቡት እነ ዮድ አቢሲኒያ ይገኛሉ። እዚህ ያረፈ ሰው ቀኑን ሙሉ በእግሩ መኖር ይችላል፤ በአዲስ አበባ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእግረኛ መንገዱም ድሮ የነበረው አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ ድልድይ እስከ መገናኛ ያለውን ጎዳና ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መስመር ሰጥቶታል፤ ማታ መብራቱ ሙሉ ነው፣ ቤተሰብ ልጅ ይዞ ሲንሸራሸር ያመሻል። በዚያው ሥራ ብዙ የመንገድ ዳር ቤቶች ፈርሰዋል። ዘመድ ከአምስት ዓመት በፊት አርፎበት የወደደው ጌስት ሃውስ ዛሬ በቦታው መኖሩን ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ድምፁም አለ። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት የጭፈራ ቤቱ ሙዚቃ እስከ ንጋት ነው፤ ወር በገባ በ27 ደግሞ የመድኃኔዓለም ዕለት ስለሆነ ከንጋት በፊት ጀምሮ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ አካባቢውን ይሞላዋል፣ የቅዳሴውም ድምፅ በድምፅ ማጉያ ክፍል ድረስ ይደርሳል። ለማስቀደስ ለመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ማደሪያ የለም። ከረጅም በረራ ወርዶ መተኛት ለሚፈልግ ግን ወደ ሩዋንዳ ወይም ከአትላስ ጀርባ ወዳሉት የውስጥ መንገዶች ገባ ማለት ይበጀዋል።

ከአውሮፕላን ማረፊያው በሌላው በኩል ያለችው ቦሌ ሚካኤል በጉብኝት መጻሕፍት ብዙም አትነሳም፤ መነሳት ግን ነበረባት። ከጅግጅጋ፣ ከሐርጌሳና ከሞቃዲሾ ለሕክምና፣ ለንግድ ወይም ወደ ሌላ አገር ለመሻገር የሚመጣው ሰው የሚያርፈው እዚህ ነው። ሱቁ፣ ሐዋላው፣ ሆቴሉ የሶማልኛ ታፔላ ሰቅሏል። ምሳ ሰዓት ላይ ሰፊ ሰሃን ሩዝ ይመጣል፤ በላዩ የግመል ወይም የፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ አንድ ሙሉ ሙዝ። ልማዱን የማያውቅ እንግዳ ሙዙን ለፍራፍሬ ሊያቆየው ሲል አጠገቡ ያለው ተመጋቢ ሙዙን ልጦ በየጉርሻው ከሩዙ ጋር እየቆረሰ ይበላል። ከዚያ በወተት የተፈላ፣ ሄልና ቀረፋ የበዛበት ሻይ። ክፍሎቹ ከመድኃኔዓለም አካባቢ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ ማረፊያውም ቅርብ ነው። አንዳንድ ዘመድ «እዚያ አትግባ» የሚለው ሰፈሩን በቅጡ ሳያየው ነው።

ገንዘቡን ለሚቆጥርና ብዙ ቦታ ለሚዞር ሰው ደግሞ ከኡራኤል በሃያ ሁለት አድርጎ እስከ መገናኛ ያለው መስመር ከሁሉም ይሻላል። የኃይሌ ገብረሥላሴ ጎዳና መሀሉን ባቡር ይሄድበታል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከአያት ተነስቶ በመገናኛ፣ በለም ሆቴልና በስታዲየም በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል፤ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙ ባቡሮች በመለዋወጫ ችግር ስለቆሙ መጠበቁ ይረዝማል፣ ሲመጣም ጢም ብሎ ነው፤ ዋጋው ግን ከሁሉም ይረክሳል። አውሮፕላን ማረፊያው ግን በዚህ መስመር ላይ የለም፤ ይህን ሳያውቅ ባቡር ይዞ ቦሌ ሊወርድ ያሰበ እንግዳ አይጠፋም።

በዚህ ጎዳና ዳርና በጀርባው ፔንሲዮኑ ብዙ ነው። ከደሴ፣ ከጎንደር፣ ከአዋሳ ለጉዳይ የሚመጣው ሰው ያውቃቸዋል፤ ክፍሉ ጠባብ፣ አንሶላው ንጹሕ፣ ታች ቁርስ ቤት ያለው። ሾላ ገበያ በእግር ይደረሳል፤ ቅቤም፣ በርበሬም፣ የሀገር ልብስም መርካቶ ሳይወርዱ ይገኛል። ወደ ደብረ ብርሃን መንገድ ለሚወጣም ላምበረት መናኸሪያ ከመገናኛ ቅርብ ነው።

መገናኛን ማወቅ የሚቻለው አመሻሽ ላይ ነው። ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሰልፉ ይረዝማል፤ ተራ አስከባሪው ሰልፈኛውን ያስተካክላል፣ ረዳቱ ከሚኒባሱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሲኤምሲ አያት! ሲኤምሲ አያት!» ይላል፣ ከማዶው «ገርጂ ጃክሮስ!» ይመለስለታል። የተማሪ ቦርሳ፣ የዳቦ ፌስታል፣ የቢሮ መታወቂያ ያንጠለጠለ አንገት፣ ሁሉም ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው። ያ ሕዝብ የሚገባበት ሰፈር ነው እንግዳ የማያየው።

ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት፣ ገርጂ። እነዚህን «ሩቅ ነው» ብሎ ማለፍ ከአሁን በኋላ አያዋጣም፤ የከተማዋ ኑሮ ወደዚህ ሄዷል። ገርጂ በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ከተሞከረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዷ ናት። ሕዝቡ ኮሪያ ሆስፒታል የሚለው የሚዩንግሳንግ ሕክምና ማዕከልም እዚያው ነው። ታማሚ ይዞ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ቤተሰብ መድኃኔዓለም አካባቢ ክፍል ይዞ በየቀኑ ቀለበቱን ከሚሻገር ገርጂ ውስጥ አንድ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በቀን ቢከራይ ወጥ እየሠራ፣ ለታማሚው አጥሚት እያፈላ መክረም ይችላል። ሲኤምሲ ላይ በየካቲት 2017 ዓ.ም. አዲስ ዓለም አቀፍ የኮንቬንሽን ማዕከል ተመርቋል፤ በዚያው ዓመት ከጳጉሜን 3 እስከ 5 ሁለተኛው የአፍሪካ የአየር ንብረት ጉባኤ የተካሄደው እዚያ ነው። ለእንዲህ ያለ ስብሰባ የሚመጣ ሰው ቦሌ ጎዳና ላይ ቢያርፍ ጠዋትና ማታ መገናኛ ላይ ይቆማል፤ ጉርድ ሾላ ወይም ሲኤምሲ ቢያርፍ ግን መገናኛን ሳይነካ ከሠራተኛው ሕዝብ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚሄድ መንገዱ ይቀለዋል።

እነዚህ ቤቶች ሲያዙ የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ከሆቴል ይለያል። የመጀመሪያው ውሃ ነው። በብዙ የምሥራቅ ሰፈሮች ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ «ሮቶ አለው ወይ? ስንት ሊትር ይይዛል? ፓምፕስ?» ማለት ነውር የለውም። ሁለተኛው መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ሊፍቱን ይጨምር እንደሆነ ነው፤ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እናቱን ይዞ ላረፈ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሦስተኛው ምልክት ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ለሾፌር ብዙም አይረዱትም፤ «ከጃክሮስ አደባባይ ወደ ጎሮ ስትሄድ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ገባ ብሎ» ዓይነቱ አድራሻ አስቀድሞ ከአከራዩ ካልተያዘ፣ በስልክ መተግበሪያ ራይድ ታክሲም ተጠራ ፈረስ፣ ሌሊት ላይ በስልክ መነታረክ ይመጣል። ደላላ ካለበትም የኮሚሽኑ ነገር ቁልፍ ከመቀበል በፊት ይለቅ።

ምሥራቁ የማይስማማው እንግዳም አለ። ለቪዛ ቃለ መጠይቅ የአሜሪካ ኤምባሲ የተቀጠረ ሰው ጉዳዩ በሰሜን፣ በእንጦጦ መንገድ ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ከተማዋን ከማቋረጥ አራት ኪሎ ወይም ስድስት ኪሎ አካባቢ ማደር ይሻለዋል። በባቡር ድሬዳዋ የሚሄድ ሰው የሚሳፈረው ከለቡ፣ ከደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው። ንጋት ላይ ከመስቀል አደባባይ በሚነሱት አውቶቡሶች ለሚጓዝም ስታዲየም ዙሪያ ያለ መጠነኛ ሆቴል ይበቃዋል። ድሮ ለእንዲህ ያለው መንገደኛ ካዛንቺስ መካከለኛ መልስ ነበረች፤ ርካሽ አልጋም፣ ጥሩ ምግብ ቤትም፣ ሙዚቃም ነበራት። አሮጌው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ያ ሁሉ አብሮ ሄደ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ከተማዋ ዳርቻዎች ተበትነዋል። በቦታው የሚነሱት ፎቆች ያንን እንግዳ ይቀበሉት እንደሆነ ገና የሚታይ ነው።

ጊዜውም ይታሰብ። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲሆን ስብሰባው ሳር ቤት በኩል ቢሆንም የቦሌ ሆቴሎች ይሞላሉ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው መንገድም መሪ በገባ ቁጥር ይዘጋል። በዚያ ሳምንት ለግል ጉዳይ የሚመጣ ሰው ከቀለበቱ ማዶ ቢይዝ በዋጋም በመንገድም ያተርፋል።

የቦሌ ዕጣም ቢሆን በዚሁ አይቆምም። አየር መንገዱ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ በመጀመሪያው ምዕራፉ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ የሚያስተናግድ ማረፊያ አቅዷል። ያ ሲሠራ እንግዳው ወደ ከተማዋ የሚገባው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ይሆናል። አሁን መሬት የሚገዙትና ሆቴል የሚያቅዱት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ሩዋንዳና ወሎ ሰፈር ውስጥ ለአንድ ሌሊት መንገደኛ አልጋ የሚያነጥፉት ትንንሽ ቤቶች ግን ያኔ ማንን እንደሚያሳድሩ ከወዲሁ ማሰብ ይኖርባቸዋል።