ዛሬ ምን አሰናከለህ?

የመሥሪያ ቤት የዓመት ዕቅድና የሠርግ ቪዲዮ አንድ ናቸው። ሲዘጋጁ አገር ይተራመሳል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ እንቅልፍ ይታጣል። ካለቁ በኋላ ግን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ቪዲዮው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ዕቅዱ አለቃው መሳቢያ ውስጥ አቧራ ይጠጣሉ። ልዩነታቸው ምን መሰላችሁ? በሠርግ ቪዲዮ ማንም አይገመገምም!

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ገጽ ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር ስንጨዋወት ከርመናል። እስቲ ዛሬ ደግሞ ከፍቅረኛችን ይልቅ ብዙ ሰዓት አብረነው ስለምንውለው ስለ ሥራ እናውጋ። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ጓደኛዬ በቀደም ቡና ላይ እንዲህ አለችኝ፦ «ሐምሌ ላይ የሚቀጥለው ሰኔ ምን እንደምሠራ ጻፊ እባላለሁ። ነገ ምን እንደምሠራ ግን የሚጠይቀኝ ሰው የለም።» ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ሥራውን ልትለቅ ነበር የመጣችው።

መቼም በዕቅድ የምንታማ ሰዎች አይደለንም። አገራችን የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ የጀመረችው በ1950 ዓ.ም. ነው። ደርግ ደግሞ ከ1977 እስከ 1986 ዓ.ም. የሚዘልቅ የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ግንቦት 1983 ላይ አቃጁ ራሱ ወደቀ፣ ዕቅዱ ሦስት ዓመት ቀረው። ረጅም ዕቅድ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ግድብና መንገድ ያለ ረጅም ዕቅድ አይሠራም። ችግሩ የሚመጣው ወረቀቱ ላይ የተጻፈውና መሬት ላይ ያለው ሲለያዩ ወረቀቱን አምነን መሬቱን የካድን ጊዜ ነው።

አሁን አሁን አዲስ አበባ ባሉ የሶፍትዌር ኩባንያዎችና ባንኮች አካባቢ «አጃይል» የሚሏት ቃል ትሰማለች። ቀልጣፋ፣ ቶሎ የሚተጣጠፍ እንደ ማለት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2001 አሥራ ሰባት የሶፍትዌር ሰዎች በአሜሪካ ዩታ ግዛት ስኖውበርድ በሚባል የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ተሰብስበው አንድ አጭር መግለጫ አወጡ። ፍሬ ነገሩ ሲጨመቅ፣ ከወፍራም ሰነድ ይልቅ የሚሠራ ነገር ይበልጣል፣ ዕቅድን ሙጭጭ ከማለትም ሁኔታው ሲለወጥ አብሮ መለወጥ ይሻላል የሚል ነው።

ከአጃይል መንገዶች ታዋቂው «ስክረም» ይባላል። ስሙ ከራግቢ ጨዋታ የመጣ ሲሆን፣ ታኬውቺና ኖናካ የተባሉ ሁለት ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ አዳዲስ ምርቶች አሠራር በጻፉት ጽሑፍ ላይ ተጠቅመውበታል። አሠራሩ ቀላል ነው። ሥራው በአጭር በአጭር ጊዜ ይቆራረጣል። ብዙ ጊዜ ሁለት ሳምንት፣ ቢበዛ አንድ ወር። በየቀኑ ቡድኑ ከ15 ደቂቃ ለማይበልጥ ጊዜ ይገናኛል። በተለምዶ ሦስት ጥያቄ አለ፦ ትናንት ምን ሠራህ? ዛሬ ምን ትሠራለህ? ምን አሰናከለህ? ጊዜው ሲያልቅ የተሠራው ለደንበኛው ይታያል። ከዚያ ቡድኑ ብቻውን ቁጭ ብሎ «እንዴት ሠራን? ምን እናሻሽል?» ይባባላል። በቃ!

እኔ ግን ይህን ነገር ስሙን ሳልሰማ ነው ያየሁት። የትም አይደለም፣ ሰሜን ተራሮች ላይ።

ያደግሁት ደባርቅ ነው። 12ኛን እንደጨረስኩ ጥቂት ዓመታት የተራራ ተጓዦችን አጅቤ፣ የምግብ አብሳይ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ድንች ልላጭ፣ ሳህን ላጥብ ማለት ነው። ጉዞው አስጎብኚ፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ጫኞች አሉት። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ተጽፏል፦ ሰኞ ሳንቃበር፣ ማክሰኞ ግጭ፣ ረቡዕ ጨነቅ። ሦስቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። ግን ማታ ማታ እንግዶቹ ድንኳናቸው ሲገቡ፣ ማብሰያው ቤት እሳት ዳር ሌላ ወሬ ይጀመራል።

«የዳለቻዋ በቅሎ ጀርባ ቆስሏል» ይላል ጫኙ። «ጋዙ ለሁለት ቀን አይበቃም» ይላል አብሳዩ። «ሴትየዋ እራት አልበላችም፣ ራሷን ይዛለች» እላለሁ እኔ፣ የሁሉም ታናሽ። አስጎብኚው ያዳምጥና የነገው ጉዞ እዚያው ይለወጣል። ጭነቱ ይደላደላል፣ ሰዓቱ ይገፋል፣ አንዳንዴም ወደ ላይ መውጣቱ ይቀርና ወደ ታች ይወረዳል። መድረሻችን ያው ነው፣ የሚለወጠው ነገ ነው።

ልብ በሉ! ማንም «ይህን ለምን ሲነሳ አልነገርከኝም?» ብሎ አይቆጣም። ምክንያቱም እዚያ ላይ መደበቅ ዋጋው ከባድ ነው። ከፍታ የሚያመው ሰው ራስ ምታቱን ሸሽጎ ሽቅብ ከቀጠለ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። ስለዚህ የሳህን አጣቢው ወሬም ከአስጎብኚው ወሬ እኩል ይሰማል።

ከዚያማ የሆነውን ታውቃላችሁ። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና አገራችን ገባ። ጥቅምት 2013 ላይ፣ ዝናቡ አብቅቶ እንግዳ በሚጠበቅበት ወር፣ ጦርነቱ ፈነዳ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ እሳቱ ዳባትና ደባርቅ ደጃፍ ደረሰ። ከነሐሴ 2015 ወዲህም ክልሉ በሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። በእንዲህ ያለ አገር ለሚኖር ወጣት «የዛሬ ዓመት ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ጭካኔ ይመስለኛል። «በዚህ ሁለት ሳምንት ምን ትጨርሳለህ?» ብንለው ግን መልስ አለው።

ቶሎ ቶሎ ተመልሶ ማየት ለዳባት ሰውም ባዕድ አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 የጤና ጥናት ጣቢያ የከፈተው እዚያ ነው። መረጃ ሰብሳቢዎች በየስድስት ወሩ ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውን፣ የሄደውን ሲመዘግቡ ኖረዋል። የአገሪቱ የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ነው። የቱ ለኑሮ እንደሚቀርብ እናንተው ፍረዱ።

እዚያው ዳባት ውስጥ አንድ ዘመዴ የሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት አለ። ስሙ ይቆየን። አራት ናቸው፦ ባለቤቱ ጋሼ፣ ሁለት አናጺዎችና የሁሉም ታናሽ የሆነው የአክስቴ ልጅ። ጥር የሠርግ ወር አይደል? ጋሼ ያልተቀበሉት ትእዛዝ አልነበረም። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ኮመዲኖ፣ የበርና የመስኮት ፍሬም… ዘጠኝ ዕቃ ተጀምሮ አንድም ያለቀ የለም። ለሁሉም ቀብድ ተበልቷል። የአንዱ ቀብድ የሌላው ጣውላ መግዣ ሆኗል።

አንድ ሙሽራ የአልጋና የቁም ሳጥን ትእዛዝ ሰጥቶ ነበር። የአክስቴ ልጅ ቫርኒሽ ሊቀባ ሲል ጣውላው በደንብ እንዳልደረቀ ገባው። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝም አለ። ለሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀር የቁም ሳጥኑ በር ተጣሞ አልገጥምም አለ። የሙሽራው ወገኖች መጡ፣ ተጮኸ፣ ሽማግሌ ገባ። ቀብዱ ይመለስ ተባለ። ገንዘቡ የት አለና! ጋሼ አንዲት ጊደር ሸጠው ከፈሉ።

ልጁን ለብቻው ጠየቅሁት። «ካወቅህ ለምን አልተናገርክም?»

«ጣውላውን የገዙት እሳቸው ናቸው። እርጥብ ነው ብል አልቻሉበትም ማለቴ አይደል? መጋዝ አያያዝ ያስተማሩኝን ሰውዬ! ምን ዓይኔን በጨው አጥቤ ነው የምናገር?» አለኝ። ከዚያም ወደ መተማ ወርጄ የቀን ሥራ እሠራለሁ ብሎ ልብሱን መሰብሰብ ጀመረ።

አያችሁ? ጊደሯን የሸጣት እርጥብ ጣውላ አይደለም። ይሉኝታ ነው።

እኔም ከዚያ በፊት ስለ አጃይል ያነበብኩትን ለጋሼ በቀላሉ አወራኋቸው። ኮምፖርሳቶ ላይ በጠመኔ ሦስት ዓምድ አሰመርን፦ የሚሠራ፣ በመሠራት ላይ ያለ፣ ያለቀ። ጠዋት ጠዋት ቆመው እንዲነጋገሩ ተስማሙ። የመጀመሪያው ቀን ሦስቱም «ምንም ያሰናከለኝ የለም» አሉ። ሁለተኛውም ቀን እንዲያው። መሬት መሬት ያያሉ! ሦስተኛው ቀን ጋሼ ራሳቸው ጀመሩ። «እኔን ያሰናከለኝ» አሉ፣ «ያ ጣውላ እርጥብ መሆኑን ገና ስገዛው ጠርጥሬ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዝም አልኩ።» ቤቱ ጸጥ አለ። ቀጥሎ ልጁ አፉን ከፈተ። ከዚያ ወዲህ ዝም ብሎ አያውቅም ይሉኛል!

ሁለት ደንብ አወጡ። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዕቃ በላይ አይጀመርም፤ ያልቃል፣ ከዚያ ሌላው ይነሳል። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ቫርኒሹ ከመቀባቱ በፊት መጥቶ ያያል። ተአምር አልሆነም። የተቀየሙ ደንበኞች እንደተቀየሙ ቀርተዋል፣ መብራትም እንደልማዱ ይጠፋል። ግን ለአንድ ሰው «አልጋህ አሥር ቀን ይዘገያል» ብለው አስቀድመው ነገሩት፤ አጉረመረመ፣ ጠበቀ፣ ወሰደ። ልጁም መተማ አልወረደም።

ወደ ቢሮአችን እንመለስ። እኛ አገር «ስብሰባ» ሲባል ጆሯችን ላይ የሚያቃጭለው «ግምገማ» ነው። «አንድ ለአምስት» ብለን ተደራጅተን አይተናል። ካይዘንም መጥቷል። በጃፓን የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ በ30 ኩባንያዎች ተሞክሮ፣ በ2004 ዓ.ም. ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ካይዘን ደግሞ ለአጃይል የሥጋ ዘመድ ነው፤ የሥራ ሰሌዳው ልማድ ራሱ ከጃፓኑ የቶዮታ ፋብሪካ የተወረሰ ነው። ችግሩ በአንዳንድ ቤት መደርደሪያው ይጸዳል፣ ወለሉ ይቀባል፣ ሰው ግን እንደ ፊቱ ይፈራል። «አልቻልኩም» ያለ ሠራተኛ ነጥቡ የሚቀነስበት ከሆነ ሰሌዳው የሐሰት ሰሌዳ ይሆናል። ሁሉም ነገር «98 ከመቶ ተከናውኗል»፣ ዕቃው ግን የለም!

እንግዲህ ለዚያች ጓደኛዬ የነገርኳትን ለናንተም ልንገራችሁ።

የዓመቱን ዕቅድ አትጣሉት፣ አለቃም በጀትም ይፈልገዋል። ግን ከላዩ ላይ የሁለት ሳምንቱን ብቻ ቁረጡ። «ሥልጠና ማመቻቸት» ብላችሁ አትጻፉ፤ «እስከ አርብ አዳራሹን መያዝ፣ የሰልጣኞችን ስም መሰብሰብ» በሉ። ማለቁ የሚታይ ነገር ይሁን። የጀመራችሁትን ሳትጨርሱ ሌላ አትጀምሩ፤ አለቃ ሦስተኛ ሥራ ሲያመጣ ሰሌዳውን አሳይታችሁ «የትኛውን ላቁም?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ከእምቢታ ትሻላለች። የተሠራውን ገና ግማሹ ላይ ለሚጠቀምበት ሰው አሳዩ። በሁለት ሳምንቱ መጨረሻ ሻይ ጠጡና አሠራሩን እሙት፣ ሰውን አትሙ።

አለቃ የሆናችሁ ደግሞ፣ ስንት ወጣት አለቃ ይህን ገጽ በድብቅ እንደሚያነብ አውቃለሁ፣ መጀመሪያ የራሳችሁን ተናገሩ። ታናሽ ታላቁን ቀድሞ «ተሳስተናል» አይልም። አስተዳደጋችን አይፈቅድም፣ ነውርም አይደለም። መንገዱን መክፈት የታላቅ ፋንታ ነው።

ጓደኛዬ ሥራዋን ገና አልለቀቀችም። ከጎኗ ካሉ ሁለት ባልደረቦቿ ጋር ብቻ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ጠዋት የማኪያቶ ሰዓት ላይ ጀምራለች። አለቃቸው እስካሁን አላወቁም። ሲያውቁ ምን እንደሚሉ አብረን እናያለን።

እናንተም ከሰኞ ጀምሩት። ከሁሉም ዝም የሚለውን ሰው ፈልጉና «ዛሬ ምን አሰናከለህ?» በሉት። ሲመልስላችሁ አታቋርጡት።

መልካም ሳምንት!