ሹሩባ ሲሠራ ራስ አይመም

እኛ በላስታ የምንኖር ሹሩባ ሠሪዎች ነን። ሥራውን የተማርነው ከእናቶቻችን ነው። ዕቃችን ብዙ አይደለም። አንድ ሚዶ፣ ጠጉር መክፈያ ወስፌ፣ ትንሽ ቅቤና አንዲት በርጩማ ናቸው።

ሥራ የሚበዛብን በነሐሴ ወር ነው። ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ይፈታል። የአሸንድዬ ጨዋታም ይጀመራል። ልጃገረዶች ተሠርተውና ተኳኩለው ይወጣሉ። ስለዚህ ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ደጃችን በሰው ይሞላል። ሁሉም "እኔን አስቀድሙኝ" ይላል። እኛ ግን አንቸኩልም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

አንዲት ልጅ ስትመጣ መጀመሪያ ራሷን እናያለን። ብርሃን ላይ አስቀምጠን ጠጉሯን እየከፈልን እናያለን። ቁስል አለ ወይ? ጠጉሩ የሳሳበት ቦታ አለ ወይ? ከዚያ በኋላ "እንዴት ይሁንልሽ?" ብለን እንጠይቃታለን። ቀጭን የምትወድ አለች። ወፈር ያለ የምትወድም አለች። ምርጫው የባለጠጉሯ ነው።

እሺ የማንልበት ነገር ግን አለ። እናቶች ብዙ ጊዜ "ጠበቅ አድርጉት እንጂ፣ ቶሎ እንዳይፈታ" ይሉናል። አይፈረድባቸውም። ሥራ ይበዛባቸዋል። ገንዘብም ያጥራቸዋል። ሹሩባው እስከ መስቀል ቢቆይላቸው ይወዳሉ። እኛም እንዲህ እንላለን፦ "እህቴ፣ ጠጉር እንደ ቡቃያ ሥር አለው። ቡቃያን በየቀኑ ብትጎትቺው ይነቀላል። ጠጉርም እንደዚያው ነው።"

የጠበቀ ሹሩባ ምልክት አለው። ራስ ያማል። ግንባር ይወጠራል። ሌሊት እንቅልፍ ይነሳል። በጠጉሩ ሥር ትናንሽ ሽፍታ ይወጣል። ይህ ከታየ ሹሩባውን ያን ዕለት መፍታት ነው። ዝም ከተባለ በግንባርና በጆሮ አጠገብ ያለው ጠጉር እየሳሳ ይሄዳል። በጊዜ ከተፈታ ጠጉሩ መልሶ ይበቅላል። ለብዙ ዓመት ከተጎተተ ግን ሥሩ ይሞታል። ያን ጊዜ ቅቤ ቢቀቡትም አይመለስም።

ከገበያ የተገዛ ሰው ሠራሽ ጠጉር የምታስቀጥልም አለች። እሱ ክብደት ይጨምራል። ስለዚህ ለእሷ የባሰ ላላ አድርገን እንሠራለን። አንዱ ሹሩባ ተፈትቶ ሌላው እስኪሠራም ጠጉሩን ጥቂት ቀን ማሳረፍ ይበጃል።

ከሁሉ የሚከብደን ሳንሠራ መመለስ ነው። በልጅቱ ራስ ላይ ቆረቆር ካየን አንሠራም። ቆረቆር በሚዶና በሻሽ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጋባል። የሚቀባ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም። ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። እናቲቱን ለብቻዋ ጠርተን "ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ ስትድን እንሠራታለን" እንላታለን። በሰው ፊት አንናገርም። ልጅቱ በጓደኞቿ ፊት ማፈር የለባትም። የዚያ ቀን ገንዘብ ይቀርብናል። ግን በአንድ ሚዶ የስንት ልጅ ራስ ይታመም?

ቅማል ስናይም አንሳደብም። ቅማል ንጹሕ ሰውንም ይይዛል። አይዘልም፤ ራስ ለራስ ሲነካካ ይሸጋገራል። ጠጉሩን አርጥቦ ጥርሱ በተጠጋጋ ማበጠሪያ ማበጠር ነው። እንቁላሉ ከሳምንት በኋላ ስለሚፈለፈል፣ ማበጠሩን ደጋግሞ ማድረግ ያሻል። ላምባ መቀባት ግን ክፉ ነው። ቆዳ ያቃጥላል። እሳት አጠገብ ከሆነም ይያያዛል።

እኛም ሚዷችንን አንዷን ሠርተን ስንጨርስ በፈላ ውሃ እንዘፈዝፈዋለን። ሳይዘፈዘፍ ሌላ ራስ አይነካም።

እናንተም በቤታችሁ ልጃችሁን ስትሠሩ እጃችሁን ላላ አድርጉ። "አመመኝ" ስትል "ለማማር ነው፣ ቻይው" አትበሏት። ስሟት። ጠጉር በወር የሚያድገው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዓሉ በጥቂት ቀን ያልፋል፤ ጠጉሯ ግን ለከርሞም ያስፈልጋታል።