ከሆስፒታል ወደ ሕሙማን ቤት፤ ስለ ነርስ የሥራ ታሪክ ወረቀት

ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል ራሳቸው በነርስነት ሙያ የሚያገለግሉ፥ ወይም ሚስታቸው፥ እኅታቸው፥ ልጃቸው በዚህ ሙያ የምትተዳደር ብዙዎች እንደ ሆኑ እናውቃለን። ይልቁንም በአሜሪካ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ግዛቶች በሚኖሩት ወገኖቻችን ዘንድ፥ ነርስ የሌለበት የዘመድ ስብሰባ ማግኘት ያስቸግራል። ከእነዚህም ነርሶች አያሌዎቹ ዕድሜያቸው ወደ አምሳ ሲቃረብ፥ የሌሊቱ ተራ እንቅልፋቸውን፥ በሽተኛ ማንሣቱ ወገባቸውን ሲጐዳባቸው፥ ከሆስፒታል ወጥተው ሕሙማንን በየቤታቸው እየሄዱ ወደሚያስታምሙበት ሥራ ለመዛወር ይመኛሉ። ይህ ሥራ በዚያ አገር ሆም ሄልዝ ይባላል።

እኛ በሆስፒታል 9 ዓመት፥ በሆም ሄልዝ ደግሞ 7 ዓመት የሠራን ስለ ሆንን፥ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ ቤታችን የሚመጡ እኅቶች አሉ። ወረቀት ስንል አሜሪካኖች ሬዙሜ የሚሉትን፥ እኛ በአገራችን ሲቪ ብለን የለመድነውን የሥራ ታሪክ ማለታችን ነው። ስለዚሁ ወረቀት ጥቂት ለመጻፍ የወደድነው፥ ባየናቸው ወረቀቶች ሁሉ አንድ ነገር ስለ ተደጋገመብን ነው። ይኸውም ሰው የሚኰራበትን ነገር ሆም ሄልዝ ያን ያህል አይፈልገውም፤ የሚያፍርበትንና ሰርዞ የሚያመጣውን ግን አጥብቆ ይፈልገዋል።

ይህ እንዲገባን የሥራውን ጠባይ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በሆስፒታል አንዲት ነርስ ብትቸገር፥ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የጠራች እንደ ሆነ ሌላዪቱ ትደርስላታለች፤ ሐኪሙም ሩቅ አይደለም፤ መድኃኒቱም ተቈጥሮ በመሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። በሕሙም ቤት ግን ብቻዋን ናት። በሩን አንኳኩታ ስትገባ፥ እርሷ እንግዳ፥ ሕሙሙ ባለቤት ነው። አሮጌውና አዲሱ መድኃኒት በአንድ ከረጢት ተደባልቆ፥ የሚያደናቅፍ ምንጣፍ በመኝታ ቤቱ ደጃፍ ተነጥፎ፥ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛች የሕሙም ሚስት በወንበር ላይ ተቀምጣ ታገኛለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዛሬ የሚያጣድፈው የቱ እንደ ሆነ ለይታ፥ በስልክ ለሐኪሙ በአጭሩ መናገር የእርሷ ፈንታ ነው።

ደንቡም ቢሆን የጠበቀ ነው። ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ወጪውን የሚከፍልለት ሕሙም፥ ያለ ብዙ ድካም ከቤቱ ለመውጣት የማይችል መሆን አለበት፤ እንክብካቤውም በሐኪም ወይም ሕጉ በፈቀደለት ባለሙያ መታዘዝ ይገባዋል። የመጀመሪያው ጉብኝት ሕሙሙ በተላከ ወይም ወደ ቤቱ በተመለሰ በ48 ሰዓት ውስጥ፥ አለዚያም ሐኪሙ በወሰነው ቀን ይፈጸማል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ የሚሠራበት ኦኤሲስ የሚባል ረጅም የምርመራ መጠይቅ አለ፤ ሕሙሙ ደረጃ መውጣት፥ ልብሱን መልበስ፥ መድኃኒቱን ራሱ መውሰድ መቻሉን ሳይቀር ይጠይቃል። ይህ ሙሉ ምርመራ እንክብካቤው በተጀመረ በ5 ቀን ውስጥ ማለቅ አለበት፤ ዕቅዱም በየ60 ቀኑ ይታደሳል። ከዚህም በላይ፥ ሕሙሙን የሚያጥብና የሚያለብስ ረዳት የተመደበለት እንደ ሆነ፥ የረዳቱ ሥራ ቢያንስ በየ14 ቀኑ መታየት አለበት፤ ይህም ብዙ ጊዜ በነርሷ ላይ ይወድቃል። በነገራችን ላይ፥ ሆም ሄልዝ ዕረፍት ነው የሚለውን ወሬ አንባቢ እንዳያምነው እንለምናለን። ብዙዎቹ ድርጅቶች የሚከፍሉት በጉብኝት ቍጥር ስለ ሆነ፥ ልጆች ከተኙ በኋላ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ የሌሊቱን ተራ ሊያስናፍቅ ይችላል።

በ2025 አንዲት እኅታችን ወረቀትዋን ይዛ መጣች። በ1994 ዓ.ም. በአገር ቤት በነርስነት ተመርቃ፥ በወሎ በአንድ ጤና ጣቢያ 5 ዓመት ሠርታለች። ወደ አሜሪካ ከሄደች በኋላ የነርስነቱን የመንግሥት ፈተና እስክታልፍ ድረስ 3 ዓመት በነርስ ረዳትነት፥ ካለፈችም በኋላ ነርሲንግ ሆም በሚባለው የአረጋውያን መጦሪያ 6 ዓመት አገልግላለች። ከ2017 እስከ 2019 ሥራዋን ትታ የታመመች እናትዋን በቤትዋ አስታመመች፤ እናትዋ ካረፈች በኋላም በአንድ ሆስፒታል ተቀጥራ እስካሁን አለች። ያመጣችው ወረቀት ግን ይህን አይናገርም ነበር። በመጀመሪያው ገጽ የሆስፒታሉ ክፍል ስምና የመሣሪያዎች ዝርዝር ተደርድሯል፤ ከሥሩም «መድኃኒት መስጠት፥ የደም ግፊት መለካት፥ ሕሙማንን መንከባከብ» ይላል። ይህን የማይሠራ ነርስ በዓለም ላይ የለም። ወሎ ተሰርዟል፤ የረዳትነቱ 3 ዓመት ተሰርዟል፤ እናትዋን ያስታመመችበት 2 ዓመትም እንዳይታይ፥ የመጦሪያው ሥራ እስከ 2019 እንደ ቈየ ተደርጎ ተጽፏል።

«ረዳትነቱን ለምን ሰረዝሽው?» ብለን ጠየቅናት።

«እትዬ፥ ሰው ስታጥብ የኖረች ናት ይሉኛል» አለችን።

ሰው ማጠቡ እኮ ነው የሚፈለገው! ረዳትዋን የምትቈጣጠር ነርስ፥ የወደቀ ክንድ ያለውን ሰው ሸሚዝ ከየትኛው እጅ ጀምሮ ማልበስ እንደሚገባ፥ በመታጠቢያው ገንዳ ውስጥ ሕሙሙን ያለ ፍርሃት እንዴት ማስቀመጥ እንደሚቻል፥ የማይላወስ ሰው ጀርባ ላይ መቅላቱ መቼ ቁስል ሊሆን እንደ ደረሰ በገዛ እጅዋ ያወቀችው በዚያ 3 ዓመት ነው። ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የገባች ነርስ ይህ ላይኖራት ይችላል። ስለዚህ መለስነው፤ «የነርስ ረዳት፥ 3 ዓመት» ብለንም አልተውነው፤ በአንድ ተራ ስንት አረጋውያንን ታጥብና ታነሣ እንደ ነበረ፥ የቈዳ ለውጥ ባየች ጊዜ ለነርሷ ታመለክት እንደ ነበረ ጻፍን።

ስለ ወሎ ስንጠይቃት ደግሞ፥ «እዚህ አገር አይቈጠርም ብለውኛል» አለችን። የሚቈጠረውን ማን ነው የሚወስነው? የሚቀጥረው ድርጅት የአሜሪካ ልምድ እንደሚያስቀድም አንክድም፤ ብዙዎቹም ቢያንስ የ1 ዓመት የሆስፒታል ሥራ ይጠይቃሉ። ይህ ግን እርሷ አላት። የጤና ጣቢያው ሥራ ለዚያ ምትክ ሆኖ አይደለም የሚገባው፤ በሰው ቤት መግባት ለእርሷ አዲስ ነገር አለመሆኑን ለማስረዳት ነው። የክትባት ሳጥን ተሸክማ ከመንደር መንደር ሄዳለች፤ አራስ በጎጆዋ ጐብኝታለች፤ ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት ቁስል አጥባ አሽጋለች። በአሜሪካም ቢሆን ይህ ሥራ የተወለደው ከእንዲህ ያለ ቤት ነው፤ ሊሊያን ዋልድ የተባለች ነርስ በ1893 በኒው ዮርክ ከተማ ድኾችን በየመኖሪያቸው ማስታመም የጀመረችው፥ በጠባብ ክፍል ውስጥ ከወሊድ በኋላ ደም ይፈስሳት የነበረችን ሴት ካየች በኋላ ነው። በአገራችን በ1954 በጎንደር በተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከሠለጠኑት መካከልም ሕዝቡን በየአካባቢው የሚያገለግሉ ነርሶች ነበሩ፤ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎትም ሴቶች ሠራተኞችን ወደየቤቱ ይልካል። እኅታችን የዚህ ሥራ ሰው ሆና ሳለ መሰረዝዋ እጅግ አሳዘነን።

የሆስፒታሉንም ክፍል እንዲሁ አፈረስነው። በልብ ድካም የታመሙትን ወደ ቤታቸው ስትሸኝ ምን ትላቸው እንደ ነበረ ጠየቅናት። በየማለዳው ከሽንት በኋላ፥ ከቁርስ በፊት እንዲመዘኑ፥ በአንድ ቀን 2 ወይም 3 ፓውንድ፥ በሳምንት 5 ፓውንድ የጨመሩ እንደ ሆነ እንዲደውሉ ታስተምር እንደ ነበረች፥ የተማሩትንም በራሳቸው አፍ መልሰው እንዲነግሯት ታደርግ እንደ ነበረች ነገረችን። ይህ ቃል በቃል የሆም ሄልዝ ሥራ ነው፤ በወረቀትዋ ላይ ግን አንድ ቃል አልነበረም። ኢንሱሊን መውጋትን ለሕሙሙ ልጅ ማስተማሯ፥ ሕሙማን ከቤት ያመጡትን መድኃኒት ከሐኪሙ ትእዛዝ ጋር ማመሳከሯ፥ የሽንት ካቴተር መለወጧ ሁሉ በየተራው ገባ። የመሣሪያዎቹ ዝርዝር በአንድ መሥመር አለቀ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ፈተና መጣ። አንዲት ጓደኛዋ፥ ቁስልን በመምጠጫ መሣሪያ ማከም በጣም የሚፈለግ ስለ ሆነ «በሚገባ አውቃለሁ ብለሽ ጻፊ፤ በሥራው ላይ ትማሪዋለሽ» ብላ መክራት ኖሯል። እኅታችን መሣሪያውን ከሌላ ነርስ ጋር ሆና 2 ጊዜ ብቻ ለውጣለች። እኛም በሆስፒታል ቢሆን ይህ ውሸት የሚያስወቅስ ብቻ በሆነ፥ በሆም ሄልዝ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ብቻዋን ወደዚያ ቁስል እንደሚልካት ነገርናት። በአልጋው ላይ ያለው ሰው የሚያውቀው፥ የምታውቅ ነርስ እንደ ተላከችለት ነው። «ከሌላ ነርስ ጋር 2 ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ተጨማሪ ሥልጠና እፈልጋለሁ» ብላ ጻፈች። ጓደኛዋ ሳቀችባት ይባላል፤ ይሳቅ።

የዓመቱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ከበደ። ድርጅቶቹ የቀድሞ አሠሪን ጠይቀው ቀኑን ስለሚያረጋግጡ፥ የተሳበው ዓመት ከተገኘ ያለፈው እውነት ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ይህን ወዲያው ተቀበለች። ነገር ግን እኛ በክፍተቱ ውስጥ «በሽባነት የተያዘች እናቴን 2 ዓመት በቤቴ አስታመምኩ» ተብሎ እንዲጻፍ ስናሳስባት፥ ብዙ ዝም ካለች በኋላ «እናቴን የሥራ መለመኛ አላደርጋትም» አለችን።

ለዚህ የምንመልሰው አጣን፤ እውነትዋን ነውና። እናት ማስታመም የልጅ ሥራ እንጂ የተቀጣሪ ሥራ አይደለም፤ በሥራ ልምድ ቈጥሮ መጻፉም ትክክል አይሆንም። በሌላ በኩል ባዶ የቀረ 2 ዓመት የማያውቃትን ሰው ወደ ክፉ ግምት ይመራዋል። በመጨረሻ የተስማማንበት አንዲት መሥመር ናት፤ «ከ2017 እስከ 2019፤ የቤተ ሰብ አባል በማስታመም ቈይቻለሁ፤ የነርስነት ፈቃዴ በዚህ ጊዜ ሁሉ የጸና ነበረ»። የእናትዋ ስምም በሽታም አልተጻፈም። ይህን መሥመር ከሥራዎቹ ዝርዝር ለይተን ለብቻው አኖርነው።

የቀረው ቀላል ነበረ። እንደ አገራችን ልማድ ተለጥፎ የነበረው ፎቶግራፍ፥ የልደት ቀንና የጋብቻ ሁኔታ ወጣ፤ በዚያ አገር አይጠየቅም፤ መጻፉም አይጠቅምም። የምረቃው ዓመት ሐምሌ 1994 ዓ.ም. በፈረንጆች ጁላይ 2002 ስለ ሆነ በዚያው ተጻፈ፤ ይህን ያላስተዋለ ቀጣሪ 8 ዓመት በከንቱ ይጨምርባታልና። የአባትዋ ስም በዲፕሎማውና በፈቃዱ ላይ በሁለት ዓይነት ፊደል ስለ ተጻፈ፥ በፈቃዱ ላይ ያለው ተመረጠ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የነርስ ፈቃድን በጋራ ከሚቀበሉት ግዛቶች መካከል ስለ ሆኑ፥ ፈቃድዋ የብዙ ግዛት መሆኑ በግልጥ ሰፈረ። የልብና የትንፋሽ ማዳን ምስክር ወረቀትዋ በ2 ዓመት የሚያልፍበት ስለ ሆነ የሚያበቃበት ወር ተጨመረ። ያጌጠውንም ሠንጠረዥ አነሣነው፤ ወረቀቱን ከሰው በፊት ኮምፒዩተር የሚያነብበት ድርጅት ብዙ ነው፥ ሠንጠረዥም ያደናግረዋል። የሕሙማንን ታሪክ በሚመለከት፥ ማን እንደ ሆኑ የሚያሳውቅ አንዳች ቃል እንዳይገባ ተጠነቀቅን። ምስክር የሚሆኑትን የክፍል ኀላፊዋንም አስቀድማ አስፈቀደቻቸው።

ወረቀቱ 2 ገጽ ሆነ። ወደ 3 ድርጅቶች ላከችው። ከአንዱ በ9ኛው ቀን መልስ መጣላት፤ ለቃለ መጠይቅ ከመቅረብዋ በፊት የመንጃ ፈቃድዋንና የመኪናዋን መድን ቅጂ እንድትልክ ጠየቋት። መኪናው በባለቤትዋ ስም ብቻ ስለ ነበረ፥ ስምዋን በመድኑ ላይ ለማስገባት በማግሥቱ ማለዳ አብረው ሄዱ።