ከካሴት እስከ ስልክ፦ በካርቲየ 6 የምንሰማው ሙዚቃ

ጅቡቲን የሚያውቅ ነጋዴ የቀኑን አከፋፈል ያውቀዋል። ጠዋት እንሸጣለን፤ ፀሐይ ስትበረታ ዘግተን እንገባለን፤ ወደ 10 ሰዓት ገደማ መልሰን እንከፍታለን። በመሃል ያለችው ጊዜ ገዢም ደላላም የማይጠራኝ የራሴ ጊዜ ናት። ካርቲየ 6 ባለው ቤቴ ቬንትሌተሩን ከፍቼ፣ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብዬ፣ በስልኬ ሙዚቃ አደምጣለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህች ትንሽ ደስታ ነው።

ያደግሁት ድሬዳዋ ነው። እኛ ቤት ካሴት እንደ ንብረት ይቆጠር ነበር። ቴፑ ሲበላው በእስክሪብቶ እያጠነጠንን እናድነዋለን፤ ጎረቤት ሲዋሰን መቼ እንደሚመልስ ይጠየቃል። ገንዘብ ስለወጣበት የወደድነውንም ያልወደድነውንም ዘፈን እስከ መጨረሻው እንሰማለን። አሁን ከጥላሁን ገሠሠ ወደ ዓሊ ቢራ፣ ከዓሊ ቢራ ወደ ሱዳናዊው መሐመድ ወርዲ ለመሻገር ጣት ማንቀሳቀስ ይበቃል። ጉምሩክ የለ፣ ዲክላራሲዮን የለ!

ስፖቲፋይ ጅቡቲ የገባው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እዚያ ላይ ሳልፈልገው ካገኘሁት አንዱ የጅቡቲ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ፣ ግሩፕ ኤር ቴ ዴ፣ በ2020 ያወጣው አልበም ነው። የሶማሊኛው ዜማ ከሬጌና ከህንድ ፊልም ሙዚቃ ጋር ተዋህዷል፤ የወደብ ከተማ ልጆች መሆናቸው ያስታውቃል። ሱቅ ውስጥ ስከፍተው ሶማሌዋ ጎረቤቴ ዕቃ መምረጧን ትታ አብራ ታዜማለች። ዋጋ ስንከራከር እንኳ ድምፃችን ይለሰልሳል።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የልጄ ነገር ነው። እዚህ ተወልዳ 15 ዓመት ሞላት። ትምህርቷ በፈረንሳይኛ፣ ጨዋታዋ በሶማሊኛ ነው፤ አማርኛ የምታወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነው። ድሬዳዋ ካለችው እናቴ ጋር በስልክ ሲገናኙ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ፣ እማማ» ተባብለው ስልኩ ወደ እኔ ይመለስ ነበር። አያትና የልጅ ልጅ የሚያወሩት ሲያጡ ማየት ከኪሳራ ይከብዳል።

ዘፈን መፈለግ ሥራ ሰጣቸው። የብዙ ዘፋኞቻችን ስም የተመዘገበው በላቲን ፊደል ነው፤ ያውም አንዱ ስም በሦስትና በአራት ዓይነት አጻጻፍ። እኔ ስሙን እነግራታለሁ፣ እሷ እየቀያየረች ትጽፋለች፣ ሲገኝ ለእናቴ ትልክላታለች። እናቴ ደግሞ መልሳ ደውላ ዘፈኑ በማን ሠርግ እንደተጨፈረበት ትተርክላታለች። የማይገባትን ቃል ልጄ ታቋርጥና ትጠይቃለች። አንድ ቀን «ትዝታ ማለት ሱቭኒር ነው?» አለችኝ። ልክ ነሽ፣ ግን ትዝታ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ጋር ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱም ነው አልኳት። ወዲያው አራቱንም ፈልጋ እያፈራረቀች ሰማች። አሁን ዘፈን ሲጀምር ቅኝቱን ቀድማኝ ለመናገር ትሽቀዳደመኛለች።

ኮሜርስ የተማረች ሴት ሂሳቡን ሳትናገር አታልፍም። በመደበኛ ጥራት የአንድ ሰዓት ሙዚቃ 40 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ቪዲዮ ግን የዚያን ብዙ እጥፍ ይበላል። ስለዚህ ለመስማት ብቻ ከሆነ ቪዲዮውን ተዉት። በደወሌም በጋላፊም የምትመላለሱ፣ ከፋይ ደንበኛ ከሆናችሁ ዋይፋይ ባለበት አውርዳችሁ ያዙ፤ ኔትወርክ በሌለበት መንገድም ይዘፍንላችኋል። በ30 ቀን አንድ ጊዜ ግን ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት አለበት።

የዘፋኙንም ድርሻ እናስብ። በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን እንደተደመጠ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሰማ ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ በ12 ወር ውስጥ 1000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያገኝም። ለታዋቂው ይህ ምንም አይደለም፤ ለጀማሪው ግን የእኔና የእናንተ ጆሮ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ አዲስ ልጅ ሲያጋጥመኝ ቶሎ አልዘለውም። የጀማሪ ነጋዴን ዕቃ እንደማየት እቆጥረዋለሁ።

ሁሉም ዘፈን ይገኛል ማለት አይደለም። ባለፈው ወር እናቴ በልጅነቷ የምታውቀውን አንድ የሠርግ ዘፈን አስፈለገችን። ልጄ በየዓይነቱ ጽፋ አጣችው። በመጨረሻ «እማማ፣ አንቺ ዝፈኚልኝ» አለቻት። እናቴ አፍራ ሳቀች፣ ቀጥላ ግን ጉሮሮዋን ጠርጋ ሙሉውን ዘፈነችላት። ልጄ ድምጿን ቀድታ ከሌሎቹ ዘፈኖቿ ጋር አስቀምጣዋለች፤ ግጥሙን ደግሞ በፊደላችን ልትጽፈው ጀምራለች። እስካሁን ሁለት ስንኝ ጽፋለች።