ለጎረቤት የሚያስብ መሠረት

ስለ ፎቅ ሲወራ ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል፤ ደርቡን ይቈጥራል፣ የመስታወቱን ማማር ያደንቃል። ወደ ታች ስንት ሜትር እንደ ተቈፈረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከተማ በጠበበ ቍጥር ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከምድር በታች ነው።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት አጠገብ ለአንድ ረጅም ሕንፃ መሠረት ይቈፈራል። በቦታው ወዲያኛው ጫፍ የአንዲት ባልቴት የጭቃ ቤት አለ። አንድ ቀን እኒህ እናት፣ «ልጄ፣ ይህ መኪና የእነሱን ቤት ወደ ላይ ሲያወጣ የእኔን ወደ ታች ያወርደው ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ከመሐንዲስ የሚጠበቅ ጥያቄ ነው።

መልሱ እንደ አሠራሩ ነው። በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈር የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ለከባድ ፎቅ አይታመንም። ስለዚህ ፓይል የሚባለው ረጅም ምሰሶ ሸክሙን ወደ ጠንካራው መሬት ያደርሰዋል። ፓይልን እንደ ችካል በከባድ መዶሻ እየመቱ መትከል ይቻላል፤ ይህ በሰፊ ሜዳ ላይ ፈጣንና መልካም ዘዴ ነው። በተጠጋጋ ሰፈር ግን ንዝረቱ የጎረቤትን ግድግዳ ሊሰነጥቅ፣ የተገፋውም አፈር በጎን ያለውን ቤት ሊያነሣው ይችላል። እንዲህ ሲሆን መሬቱን በመሰርሰሪያ በስቶ፣ የታሰረ ፌሮ አውርዶ፣ በቱቦ ከሥር ወደ ላይ አርማታ መሙላት ይሻላል። ይህም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ጕድጓዱ በብረት ቱቦ ወይም ቤንቶናይት በሚባል የጭቃ ውሃ ካልተደገፈ፣ አፈሩ ከጎረቤት ቤት ሥር ተንዶ ሊገባ ይችላል። ምድር ቤት የሚቈፈር ከሆነ አስቀድሞ ፓይሎችን አያይዞ እንደ ግድግዳ መደርደር ይጠቅማል። ትልቅ መኪና በማይገባበት ጠባብ ቦታ ደግሞ ቀጫጭን ፓይሎች በትንሽ መሣሪያ ይተከላሉ።

መሬት ሀብታም ከተማንም አይፈራም። በሳን ፍራንሲስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 የተከፈተው ባለ 58 ደርቡ ሚሌኒየም ታወር፣ ፓይሎቹ ከዐለቱ ሳይደርሱ በአሸዋ ውስጥ የቆሙ ነበሩ። እስከ 2016 ድረስ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰመጠ፤ ዘመመም። ሕንፃውን ለማዳን በእግረኛ መንገዱ ሥር ከ70 ሜትር በላይ ወርደው ዐለት የሚነኩ አዳዲስ ፓይሎች መትከል ሲጀመር፣ ሕንፃው ይበልጥ ስለ ተንቀሳቀሰ በ2021 ሥራው ለጊዜው ቆመ። ዘዴው ተሻሽሎ፣ በመጀመሪያ ከታሰቡት 52 ፓይሎች 18ቱ ብቻ ተተክለው በ2023 ተፈጸመ።

በእኛ ሰፈር የተያዘው ሥራ በመሰርሰሪያ ነው፤ ይህ ደግ ነው። የእኒያን እናት ግድግዳ ግን መጥቶ ያየ የለም። ሥራ ሳይጀመር የጎረቤትን ቤት ስንጥቅ ፎቶግራፍ አንሥቶ መመዝገብ፣ በሥራውም ጊዜ ንዝረቱን መለካት በሙያው የታወቀ ልማድ ነው። ባለቤቱም ራሱ በስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፎ ቀኑን ሊጽፍበት ይችላል፤ ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው መንቀሳቀሱን ያሳያል፣ ማስረጃም ይሆነዋል።

አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይላሉ። አዲሱ ፎቅም ለብዙ ዘመን ጎረቤት ሊሆን የመጣ ነውና፣ ባለቤቱ የመጀመሪያውን ጕድጓድ ከማስበሳቱ በፊት የጎረቤቱን በር ቢያንኳኳ መልካም ነው።